በስልክ የፈረድክባቸው አክስታችን

ለወንድሜ ለበእምነት፤

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ ህይወትስ? ልጆቹስ አደጉ? የጀርመን ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ደኅና ነኝ። ያሳደጉን አክስታችን እትዬ አልጣሽ ግን ደኅና አይደሉም። ስደውል ስለማታነሳ ነው በወረቀት የመጣሁብህ።

ያደረግከውን ልንገርህ፤ አንተማ ጸልዬ ጨረስኩ ብለህ ተኝተሃል። ባለፈው ወር ማንኪራ መንደር የአክስታችን ጎረቤት የተስፋሁን ልጅ ዝማሬ ሦስት ቀን በትኩሳት ስትነድ ቤተሰቡ፣ ፓስተር ይጸልዩልን ብሎ ላንተ ደወለ። ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍተው ጆሮዋ ሥር አስቀመጡት። አንተም ከባሕር ማዶ "ማን ነው የበላሽ? ስሟን ጥሪ!" እያልክ ጮህክባት። ሴት መሆኗን ማን ነገረህ? ልጅቷ "እትዬ አልጣሽ" አለች። ምን ትበል? ሦስቱንም ቀን ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ ሲያቀዘቅዙላት የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ ዓይኗን ስትገልጥ የምታየው እሳቸውን ነው። አንተ ግን ቡዳዋ ተገኘች፣ ከቤት አስወጧት አልክ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ወባ ነው ተባለ፤ መድኃኒቷን ውጣ ዳነች። ወባው ተረሳ፣ ቡዳው ቀረ።

አሁን ቡና ለቀማ ነው። ሴቶቹ በደቦ ሲወጡ እሳቸውን የሚጠራ የለም። ሲያልፉ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ቦንጋ ገበያ ማራቸውን የሚቀምስ ጠፋ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሟቹ ባላቸው ዛፍ ላይ የሰቀሏቸውን ቀፎዎች መንደርተኞቹ አውርደው ከነንቡ አቃጠሉባቸው። ተስፋሁንን ብጠይቀው፣ ፓስተሩ ናቸው ያሉት፣ እኔ ምን ላድርግ አለኝ። የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች ባናግር፣ ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም።

የታሪክ አስተማሪ መሆኔን ታውቃለህ። አንተ ባለህባት በቩርዝቡርግ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ጳጳሱ ገዥም ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መቶዎች ጠንቋይ ተብለው አለቁ። መንደርተኛ ድሮም ጎረቤቱን ይጠረጥራል፤ ያን ሐሜት ፍርድ ያደረገው የጳጳሱ ማኅተም ነው። የተያዘችውን እያሠቃዩ ሌላ ማን አለ ይሏታል፤ እሷም የምታውቀውን ሰው ትጠራለች። አንተ ማሠቃያ አላስፈለገህም፤ ትኩሳቱ ሠራልህ። አፍሬብሃለሁ፣ ጠልቼሃለሁም።

እሁድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ማንኪራ እሄዳለሁ። ደውል፤ መንደርተኛው በተሰበሰበበት በድምፅ ማጉያ እከፍትልሃለሁ። ተሳስቻለሁ፣ ወባ ነበር በል። ጌታ ይማራት ብለህ እንዳታድበሰብሰው። ካልደወልክ እህት የለህም።

ህይወትን ሳምልኝ። የልጆቹንም ጉንጭ ሳምልኝ። ተስፋሁን አመስግኚልኝ ብሏል፤ ምስጋናውን ከፈለግህ ውሰደው። ከእኔ ላንተ ሰላምታ የለም። እትዬ አልጣሽ ግን ልከውልሃል። አሁን እኔ ቤት ናቸው። ሰላም በይልኝ ካሉ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ "በእምነትን እኔ ነኝ ያሳደግኩት፤ አይዋሽም። ሳላውቀው በልቻት ይሆን እንዴ?"

እህትህ ትሁት
ቦንጋ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.