የጾሙ ጆግ

ይድረስ ለልጄ ለወንደሰን ይፍሩ፤ ጁባ።

ልጄ ሆይ፣ እንደምን ሰንብተሃል? የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ባለፈው ወር የያዘህ ወባ ለቀቀህ ወይስ መድኃኒቱን እንደ ልማድህ ከመሀል አቋረጥኸው? የምትተኛበት አልጋ አጎበር አለው? እኔ ጉልበቴ ከማስቸገሩ በቀር ደህና ነኝ፤ ቤተሰቡም ደህና ነው። አርባ ምንጭ ዝናብ ዘግይቶባት ሰንብቶ ከትናንት ወዲያ ወረደላት። ደግ ደጉ እስከዚህ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ቁጣ ስለሆነ ተቀምጠህ አንብበው።

በስልክ ያልነገርሁህ አውቄ ነው። ገና አፌን ስከፍት «እሺ እማዬ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ ነው» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ከእኔ ጋር ሲሆን ብቻ የሚቆራረጥ መስመር ምን ዓይነት እንደሆነ አንተው ታውቃለህ። ይህን ወረቀት ወደዚያ ለሚመጣ ሾፌር በእጁ ሰጥቼዋለሁ፤ አንብበህ እስክትጨርስ ከአጠገብህ እንዳይሄድም ነግሬዋለሁ።

ጁስ ቤቱን ስትከፍት ምን ተባብለን ነበር? በጾም ወራት ለማይጾሙት አቮካዶ በወተት እንሸጣለን ስትለኝ አልተቃወምሁም። ተማሪው አለ፣ ፕሮቴስታንቱ አለ፣ ሁሉም የፈለገውን ይጠጣ። የጠየቅሁህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወተቱ ጆግ ለብቻው፣ የጾሙ ጆግ ለብቻው ይሁን አልሁህ። በወተቱ ጆግ እጀታ ላይ ቀይ ክር ያሰርሁትም እኔው ነኝ። አንተም በፊቴ «ይሁን» ብለሃል።

በደብረ ዘይት ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት መብራት ጠፍቶ የጁስ መፍጫው ማሽን ሥራ ፈትቶ ነበር። ማሽኑን የሚይዝልንን ዳናን የጾሙን ጆግ አምጣልኝ አልሁት። «ኋላ እኔ አጥበዋለሁ፣ እማማ ጣይቱ» አለኝ። «አሁን» አልሁት። ከሥሩ ያለውን ቢላዋ ፈትቼ የጎማ ቀለበቱን በማንኪያ ጭራ ፈልቅቄ ሳወጣው አይብ የመሰለ ነገር ተጋግሮ አገኘሁ። አሸተትሁት። የኮመጠጠ ወተት ነው፤ ቀይ ክር በሌለበት ጆግ! እኔን በአዳሪ ትምህርት ቤት ባልትና ያስተማሩኝ ወይዘሮ አገርነሽ የታጠበ ድስት የሚመረምሩት በአፍንጫቸው ነበር። ጠረን የተገኘባት ልጅ ያን ዕለት የሁላችንንም ዕቃ ታጥባለች። አንተ በእርሳቸው እጅ አለማደግህ ቆጨኝ።

ዳና አልዋሸኝም። የወተቱ ጆግ ጎማ አልቆ ማንጠባጠብ ሲጀምር በስልክ እንደነገረህ፣ አንተም «በጾሙ ጆግ ሁለቱንም ሥራበት፤ በመሀል ውሃ አዙርበት። ቶሎ ቶሎ ከፈታኸው ይሄኛውም ጎማ ያልቃል» እንዳልኸው ነገረኝ። ከዚያ አቀርቅሮ ሌላም ጨመረልኝ፤ «ለእማዬ እንዳትነግሯት፤ ነገር ታበዛለች» ብለሃል። ሚስትህም ሰምታለች፤ ሰምታም ዝም ብላለች።

እንግዲያው ነገር ላብዛ። ውሃ ማዞር ማጠብ አይደለም። ወተት ቅባት አለው፤ ቀዝቃዛ ውሃ አያስለቅቀውም። ማሽኑ ከሶኬት ይነቀላል፤ ቢላዋው ይፈታል፤ ጎማው ይወጣል፤ ሁሉም በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ ስርጉዱ ደግሞ በጥርስ ብሩሽ ይፈተጋል፤ ተደፍቶም ይደርቃል። ያለቀ ጎማ ጁሱን ቁልቁል ወደ ሞተሩ ያወርደዋል። ያን ጊዜ ሞተር ተቃጠለብኝ ብለህ የምትጮኸው አንተ ነህ። አዲስ አበባ ለሚመላለስ ለማንኛውም ሾፌር ብትነግሩት ጎማውን በሳምንቱ ያመጣው ነበር። የሰነፍኸው ለዚህች ነው!

ይህ ግን የዕቃ ነገር ነው። እኔን ያንገበገበኝ የውቢት ነገር ነው። አንተን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችህ ጎረቤታችን ውቢት ጥርሶቿ ካለቁ ወዲህ ደረቅ ነገር እንደማይሆንላት ታውቃለህ። ዘንድሮ ሐኪሙ እንዳትጾም ቢመክራት «ጾሜን አልሽርም» ብላ ሁዳዴን በእኛ አቮካዶ ነው የያዘችው። በመጀመሪያው ቀን ከቅዳሴ መልስ ብርጭቆውን ይዛ «ጣይቱ፣ ወተት አልነካውም?» ብላ ጠየቀችኝ። «እኔ እያለሁ!» አልኋት። ጠጣችው። ከዚያ በኋላ ጠይቃኝ አታውቅም።

በዚያው ማክሰኞ ሄጄ ነገርኋት። ሚስትህ «ምን አስቸኮለዎት እማማ፣ ከፋሲካ በኋላ ቢነግሯት» ብላኝ ነበር። እስከዚያ ምን እያልሁ ላጠጣት? ውቢት ነጠላዋን እያስተካከለች ሰማችኝና «እኔስ ሳላውቅ ነው የጠጣሁት፤ አንቺስ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር አልኋት። «ቤቱ የልጅሽ፣ ክሩን ያሰርሽው አንቺ፣ እንዴት አታውቂም?» አለችኝ። የንስሐ አባቷ በደል የለብሽም ብለዋታል፤ ከእግዚአብሔር ጋር ተስማምታለች። ያልተስማማችው ከእኔ ጋር ነው። በሶዋን በጥብጣ ትጠጣለች እንጂ ደጃችንን አትረግጥም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጠብቃኝ አብረን እንሄድ ነበር፤ አሁን ቀድማኝ ትሄዳለች።

ስለዚህ ሁለቱንም ጆጎች ሣጥኔ ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ። ሚስትህና ዳና ሙዙንና ማንጎውን በፍሬው ይሽጡ። ጎማው ከአዲስ አበባ መጥቶ በገዛ እጄ ገጥሜዋለሁ፤ ጠብ አይልም። ማሽኑ ግን የምልህን እስክታደርግ አይነሣም። ለእኔ ይቅርታ ልበል ብለህ እንዳትደውል። ለውቢት ደውል፤ መስመሩ ቢቆራረጥ መልሰህ ደውል። «እማማ ውቢት፣ እናቴ አታውቅም ነበር፤ የደበቅኋት እኔ ነኝ» በላት። ዳና እኔ ልንገራት ብሎኝ ነበር፤ አልፈቀድሁለትም። ያዘዝኸው አንተ ነህና ከአንተው አፍ ትስማው።

ሚስትህ ብሩክታዊት ሰላም ብላሃለች፤ እኔና እርሷ ከ«ደህና አደርሽ» አላለፍንም። ልጅህ ሰይፈሥላሴ ጉልበትህን ስሟል፤ መቼ እንደምትመጣ በየቀኑ ይጠይቀኛል። ዳናም ሰላም ብሎሃል። እኔም ቁጣዬ እንዳለ ሆኖ ጉንጭህን እስማለሁ። ለአንተ ስጽፍ የውቢት ሰላምታ ቀርቶ አያውቅም ነበር። ዛሬም ደጇ ድረስ ሄጄ «ለወንደሰን እየጻፍሁ ነው» አልኋት። «ጻፊ» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።

እናትህ ጣይቱ ሀብተወልድ
አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ሚያዝያ 10 ቀን 2005 ዓ.ም.