የውሃ ተራዬን ስለ መመለስ

በቢስሚላህ እጀምራለሁ። ነጩ የፕላስቲክ ወንበሬ ከዛሬ ጥቅምት 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከማዕረግ መቀመጫነት ተሽሮ የዶሮ ማደሪያ መሆኑን ለሚመለከተው ሁሉ በጥብቅ አስታውቃለሁ።

እኔ ሙሐመድዘይን አማን፣ የመርሳ ገበሬ፣ ትኩሳቱ ገላዬን ቢያነደውም ልቦናዬን አልነካውም። ከውርጌሳ በኩል መድፍ ያጉረመርማል፤ መንገዱ ተዘግቷል፤ ስልኩም ዝም ብሏል። ሐኪም ብናጣ ጊዜ ጸሐፊ አስጠርቻለሁ፤ ኑዛዜዬን የሚጽፈው መምህር ኢሳቅ ነው።

አንደኛ፣ ሜዳሊያዬን በሚመለከት። የዛሬ ሦስት ዓመት ወልዲያ ላይ ሞዴል ገበሬ ተብዬ ሲያጠልቁልኝ አንገቴ አንድ ስንዝር ረዘመ። ከዚያ ወዲህ አካፋ አልያዝኩም። በገዛ እጄ የተከልኳቸውን ብርቱካኖች ወንበር ላይ ተቀምጬ በጣቴ አዝዛቸው ጀመር። የመስኖ ተራ የሚደለድለው የውሃ አባታችን ፈንታው «ተራዎ ሐሙስ ነው» ሲለኝ፣ ሜዳሊያዬን አሳይቼ ማክሰኞ ቦዩን ወደ ማሳዬ ከፈትኩ። ማክሰኞ የጎረቤቴ የየሺ ነበር። ችግኞቿ ደረቁ። አልከሰሰችኝም፤ ሰላምታዋን ብቻ አሳጠረችብኝ። ስለዚህ ሜዳሊያው በማሳዋ ላይ ይሰቀል፤ ሲያብረቀርቅ ወፍ ያባርራል። የሚቀጥሉት አሥር የውሃ ተራዎቼም የእሷ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ሕልሜን በሚመለከት። መምህር ኢሳቅ «ሕልም በኑዛዜ አይገባም» ብሎ ብዕሩን ከወረቀቱ ቢያነሣ፣ «ጻፍ! የምሞተው እኔ ነኝ» አልኩት። ትናንት ቀትር ላይ ብርቱካኖቼ ከነሥራቸው ተነሥተው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ቦዩ ሲወርዱ አየሁ። መድፉ አይሰማም፤ የውሃው ድምፅ ብቻ። ዛፎቹ ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። እኔም ሜዳሊያዬን እያንቃጨልኩ ወደ ፊት አለፍኩ። አንዷ ለጋ ዛፍ ቅርንጫፏን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ «አያ ሙሐመድዘይን፣ ከኋላ ይሰለፉ» አለችኝ። ሄጄ ቆምኩ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሦስተኛ፣ የብርቱካን እርሻዬ ለልጄ ለናስር ይሁን። ነገር ግን ናስር ሁለት አይሱዙ ከገዛ ወዲህ ጭቃ መፍራት ጀምሯል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ በራሱ አካፋ፣ በራሱ ተራ ካላጠጣ አይወርስም።

«አባዬ፣ እኔ'ኮ ሠራተኛ መቅጠር አያቅተኝም» አለ ናስር።

«እኔም አላቃተኝም ነበር። የሰው ተራ የቀማሁት ያኔ ነው» አልኩት።

ለምስክርነት የተጠራው ፈንታው ሳቀ። «ሦስት ዓመት ጀርባዎን ብቻ ነበር የማየው፤ ዛሬ እንኳን ፊትዎን አየሁ!»

ልጄ፣ ሲያጨበጭቡልህ አመስግን፤ ከዚያ ውሃው የት እንደ ደረሰ ሄደህ እይ። ሌላ ምክር የለኝም።

ተነብቦልኝ በአውራ ጣቴ አትሜያለሁ።
ምስክሮች፦ ፈንታው በላይ፣ ኢሳቅ ዳምጠው፣ ሚስባህ ዛኪር፣ ፋንቱ የሺጥላ።

እርማት። በአንደኛው አንቀጽ «በገዛ እጄ የተከልኳቸው» የተባለው ሲነበብ ባለቤቴ ሁሪያ፣ «ያን ክረምት እርስዎ ሐራ ገበያ በሬ ሲነግዱ አልነበር? ጉድጓዱን የቆፈረው ማን ነው?» ብላ ስለ ጠየቀች፣ ተናዛዡም እውነት መሆኑን ስላመነ፣ «ሁሪያ የተከለቻቸው» ተብሎ ይነበብ። የሰው ንብረት ማውረስ ስለማይቻልም ሦስተኛው አንቀጽ ተሰርዟል፤ ናስር ጥያቄ ካለው ለእናቱ ያቅርብ። እኔም እስክሞት ድረስ በዛፎቹ ጥላ ሥር እንድተኛ ፈቃድ ጠይቄያታለሁ፤ እሷም ሰሌን ዘርግታልኛለች።