በክር ካርቶን የተመረጠች ከተማ፦ የእናታችን የ«እትዬ እሺ» የሕይወት ታሪክ

ትልቅ ትንሹ «እትዬ እሺ» እያለ የሚጠራቸው ልብስ ሰፊዋ እናታችን፣ ከአናጢው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሰባተኛ ልጅ ናቸው። አያታችን የሰፈሩን እናት ሁሉ ሲያዋልዱ ኖረው፣ የራሳቸውን ሰባተኛ ልጅ ግን ከሥራ ሲመለሱ መንገድ ላይ ተገላገሉ። እናታችን ያን ቀን ለመወለድ ከቸኮሉ በኋላ ለምንም ነገር ቸኩለው አያውቁም።

ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተከታተሉ በኋላ ከአክስታቸው ዘንድ ስፌት ተምረው፣ በዐሥራ ስምንት ዓመታቸው ለብቻቸው መሥራት ጀመሩ። ቅጽል ስማቸው የወጣው ያኔ ነው። ዚፕ ቀይሪልኝ ያላቸውን፣ ሱሪ አሳጥሪልኝ ያላቸውን፣ «ለነገ ጠዋት» ያላቸውን ሁሉ «እሺ» ይሉት ነበር። ሥራው ግን ከወገብ በላይ ተቆልሎ ይከርማል።

በ1957 ዓ.ም. በማተሚያ ቤት የብረት ፊደል እየለቀሙ የሚደረድሩ ሠራተኛ ከነበሩት አባታችን ጋር ትዳር መሠረቱ። አባታችን ስሕተት አይተው የማያልፉ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ እንኳ የፊደል ግድፈት ካዩ መድኃኒቱን ለመዋጥ የሚያመነቱ ሰው ናቸው። እናታችን ለደንበኛ «ነገ ይደርሳል» ሲሉ፣ ከጓዳ «አይደርስም!» ብለው የሚያርሙም እሳቸው ነበሩ።

ወላጆቻችን ወደዚህ ከተማ የመጡት በሥራ ዝውውር የሚመስላችሁ ብዙ ናችሁ። አይደለም። እናታችን «እኔ ከሞትኩ በኋላ ተናገሩት» ብለው ስለ ፈቀዱልን እውነቱ እንደሚከተለው ይቀርባል።

በ1963 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ የመንገዱ ማዶ ባለሱቅ ወደ ስፌት ቤቱ ገቡ። ለእኒህ ሴት የተነገረ ነገር በሬዲዮ ከተነገረ አይተናነስም። «እሺዬ፣ ልጄን ልድር ነው። ለሚዜዎቹ ዐሥራ አንድ ቀሚስ በሁለት ሳምንት ታደርሺልኛለሽ» አሏቸው። እናታችን የተቆለለውን ሥራ አዩ። እምቢ ማለት አቃታቸው። «ምን መሰለዎት፣ እኛ እኮ ከተማ ልንለቅ ነው» አሉ።

«ወዴት?»

ይህን አላሰቡበትም ነበር። ቀና ሲሉ መደርደሪያው ላይ ያለው የክር ካርቶን ታያቸው። የፋብሪካው ከተማ ተጽፎበታል። እሱኑ አነበቡ። ባለሱቋ እንባቸውን እያዘሩ ወጡ።

አባታችን ወሬውን የሰሙት ከጸጉር አስተካካያቸው ነው። «ለካ ልትሄድ ነው! ለእኔ እንኳ አትነግረኝም?» አላቸው ምላጩን አንገታቸው ላይ አድርጎ። «የት ነው የምሄደው?» ቢሉት፣ «ጭራሽ ትጠይቀኛለህ!» ብሎ ሳቀባቸው። በማግስቱ ማተሚያ ቤት ሲገቡ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የጠበቁት ሹመት «መሄዱ ካልቀረ» ተብሎ ለጓደኛቸው ተሰጥቶ ቆያቸው። የቤቱ አከራይም ቤቱን ለእህታቸው ልጅ ሰጥተውታል። አዲሷ ተከራይ መስኮቱን ለክታ፣ መጋረጃውን እንዲሰፉላት እናታችንን ለመነቻቸው። «እሺ» አሏት።

አባታችን እውነቱን ሊናገሩ ወደ ባለሱቋ ቤት ሄዱ። ነገር ግን ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቦ፣ ለመንገደኞቹ የተገዙ ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች መሐል ወለል ላይ ቆመው አገኙ። ውሸቱን ሊያርሙ ወጥተው ሻንጣ ተሸክመው ተመለሱ።

ይባስ ብሎ ባለሱቋ «አንቺ ሳትኖሪማ ልጄን አልድርም» ብለው ሠርጉን ከተቆረጠው ቀን አስቀደሙት። እናታችን በሁለት ሳምንት ከመስፋት የሸሹትን ዐሥራ አንድ ቀሚስ በዘጠኝ ቀን ሰፉ። በሽኝቱ ዕለት አባታችን ንግግር እንዲያደርጉ ተጠየቁ። ተነሥተው፣ «የምንሄድበትን ምክንያት ባለቤቴ ታውቀዋለች» ብለው ተቀመጡ። እንግዳው ሁሉ ትሕትና መስሎት አጨበጨበ።

አውቶቡሱ ውስጥ አባታችን አራት ሰዓት ሙሉ አልተናገሩም። እናታችን በመስኮቱ በኩል ዞረው ያለቅሱ ነበር። በመጨረሻ አባታችን ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ደግነቱ ክሩ የባሕር ማዶ አልሆነም» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው፣ ረዳቱ መጥቶ «ሰላም ነው?» ብሎ እስኪጠይቃቸው ድረስ ሳቁ።

በከተማው የሚያውቁት አንድም ሰው ስላልነበረ፣ ሻንጣቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ ክር ፋብሪካው ሄዱ። ዘበኛው «ማንን ፈልጋችሁ ነው?» ሲሏቸው፣ እናታችን «ማንንም። ካርቶናችሁን አይቼ ነው የመጣሁት» አሉ። ዘበኛው እየሳቁ ወደ ሠራተኛ ቀጣሪው ወሰዷቸው፤ እናታችን የሠራተኞች ቱታ ሰፊ ሆነው ተቀጠሩ። ዘበኛው የምትከራይ ክፍልም ነበረቻቸው። ጠረጴዛው ካልታጠፈ በሩ የማይከፈትባት ክፍል ናት።

አባታችን ግን ሦስት ወር ሙሉ ሥራ አጡ። አንድ እሑድ እናታችን ሻንጣውን አውርደው፣ «እንመለስ። ዋሽቼ ነው ብዬ በአደባባይ እናገራለሁ። ሹመትህን ያስቀረሁብህ እኔ ነኝ» አሏቸው። አባታችን ካውያውን አግለው የእናታችንን የሰኞ የሥራ ልብስ ተኮሱላቸው። የመመለስ ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። በአራተኛው ወር አባታችን በአንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆነው ገቡ፤ በዓመቱ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው የመጀመሪያ ልጃቸው ተወለደች። ሁለት ወንድሞቼም ተከተሉ። በ1972 ዓ.ም. እናታችን የራሳቸውን ስፌት ቤት ከፈቱ። ስድስት ሠራተኛ ቀጥረው፣ ሰባተኛዋን ደንበኞችን «አይሆንም» እንድትልላቸው ብቻ አስቀመጧት።

በ1981 ዓ.ም. ባለሱቋ ለሕክምና ወደዚህ መጥተው ቤታችን ሰነበቱ። እናታችን ዐሥራ ስምንት ዓመት ያፈኑትን አላስችል ብሏቸው ተናዘዙ። «ያን ቀን ዋሽቼዎት ነው፤ እርስዎ ደግሞ አለቀሱልኝ» አሉ። ባለሱቋም፣ «እኔስ መቼ ላንቺ አለቀስኩ! ዐሥራ አንዱን ቀሚስ አሁን ማን ይሰፋልኛል ብዬ እንጂ» አሉ። ያን ቀን ቤታችን ውስጥ የተሳቀው ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

እናታችን ባደረባቸው የልብ ሕመም ለሁለት ዓመት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ77 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ይህን የሕይወት ታሪክ አባታችን እንደ ልማዳቸው እርሳስ ይዘው አርመውልናል። ሁለት ነጠላ ሰረዝ ጨምረዋል፤ «አራት ሰዓት ሙሉ አልተናገሩም» የሚለውን «ሦስት ነው» ብለው ተከራክረዋል። የእናታችን ዕረፍት የተጻፈበት መስመር ላይ ሲደርሱ ግን እርሳሱን እንደያዙ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሳይነኩት ወረቀቱን መለሱልን።

እናታችን የአንዲት ሴትና የሁለት ወንዶች ልጆች እናት፣ የስምንት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጥላ በሞላበት፣ ጠረጴዛ ሳይታጠፍ በር በሚከፈትበት ሥፍራ ያሳርፍልን። አባታችንንም አብሯቸው የሚቀመጥ ሰው አያሳጣቸው። ሥራችሁን ትታችሁ ልትሸኟቸው የመጣችሁ ሁሉ፣ በሰላም ወደየቤታችሁ ግቡ።