ከጉልበት በታች የሚያዝ መብራት

ራቤል፣ ጥቅምት 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለቸሩ፣
ሎጊያ

ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? ውሃ ደህና አድርገህ ትጠጣለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ገብሱ ውርጭ ካልቀደመን ከአምናው ይሻላል፤ በጎቹም ክረምቱን ሳይጎዱ አለፉ። ሐሴት የላክህላትን ጫማ አድርጌ ካልተኛሁ ብላ ሁለት ማታ ተጣልተናል። በሦስተኛው ማታ እኔ ተሸነፍሁ። ቁመቷ እንደ እናቷ የሚሆን ይመስለኛል፤ እልኋ ግን ያንተ ነው።

ይህን ደብዳቤ ከጀመርሁ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። የእኔ ጽሕፈት የመሠረተ ትምህርት ጽሕፈት ስለሆነ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። የቀበሌው ጸሐፊ “እኔ ልጻፍልዎት” ብሎኝ ነበር። ይኸኛውን በሰው እጅ ማስጻፍ አልፈለግሁም። ለምን እንደሆነ ወደታች ስትደርስ ይገባሃል።

መጀመሪያ ስለ መብራቶቹ ልንገርህ።

በደብረ ብርሃን አውቶብስ የላክኸው ካርቶን ግንቦት ላይ ደረሰን። ከላይ ያለችውን ወረቀት አነበብኋት። “ለመኪናው። ሌሊት ምጥ ለያዛት ሰው።” ትላለች፤ ሌላ ቃል የለባትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ጽናት አንድ መስመር ጽፈህ አታውቅም፤ ይህችን ግን ሚስትህን እያሰብህ እንደጻፍሃት አወቅሁ። ወረቀቷን መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀምጬ ካርቶኑን ለጌጡ አስረከብሁት። አንተ ትነዳው የነበረው ላንድክሩዘር እስካሁን የጌጡ ነው፤ የሚነዳው ግን ኪዳነ ወልድ ሆኗል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ትንሽ ይቸኩላል እንጂ።

ካርቶኑ ሲከፈት ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ድስት የሚያካክሉ ሁለት ነጭ መብራቶች! ጌጡ “ይኼ ምን መብራት ነው፣ ፀሐይ ነው እንጂ!” አለና ጣሪያው ላይ፣ ከዕቃ መጫኛው ፊት አሰቀላቸው። የዚያን ዕለት ማታ ሲያበሩት የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ጮኸ፤ የወዳጆ አውራ ዶሮም ነጋ ብሎ ጮኸ። ወዳጆ የታችኛው ጎረቤቴ ነው፤ አንተ ከሄድህ በኋላ ነው ወሰንየለሽን አግብቶ የመጣው። እውነቴን ነው የምልህ፣ ከማዶ ያለ በግ ጆሮው ይለይ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰኔ ላይ ጉሙ ከገደሉ ሥር ወጣ። ኪዳነ ወልድ ያንተን መብራት አብርቼ እሞክራለሁ ብሎ ወጣና ብዙም ሳይቆይ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ተመለሰ።

“ምነው?” አልሁት።

“እማማ አዛለች፣ ባበራሁት ቁጥር ነጭ አቡጀዲ ፊቴ ላይ የዘረጉብኝ ይመስለኛል። አጥፍቼው ነው የመጣሁት።”

ከዚያ በኋላ የወንዶቹን ክርክር ብትሰማ! ጌጡ ያነሰው ብዛት ነው፣ ሌላ ጥንድ ይጨመር ይላል። ኪዳነ ወልድ ደግሞ ጉም የሚፈልገው ቢጫ ነው ብሎ የዘይት ጀሪካን ቆርጦ መስታወቱ ላይ አሰረበት። ጀሪካኑ ቀለጠ። ሽታው ሳምንት ሙሉ ከመኪናው አልወጣም፤ ተሳፋሪ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚሄደው።

እኔ ግን “ጥፋቱ የሰቀላችሁበት ቦታ ነው” አልኋቸው።

አባቴ ቄስ ሀብተ ማርያም ዓይናቸው ከደከመ በኋላ ሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን የምመራቸው እኔ ነበርሁ። ክረምት ክረምት የራሴን እጅ የማላይበት ጉም ነው። ልጅ ሳለሁ የተሻለ የሚታየኝ መስሎኝ ፋኖሱን ከፍ አድርጌ እይዘው ነበር፤ ወተት ውስጥ የገባሁ ያህል ይነጣብኛል። አባቴ “ዝቅ አድርጊው እንጂ፤ ለእግራችን ነው ያመጣነው” ይሉኛል። ከጉልበቴ በታች አንጠልጥዬ፣ ላዩን በነጠላዬ ጫፍ ስከልለው መንገዱ ይመጣል፤ ጠጠሩ ሳይቀር ጥላውን ጥሎ ይታየኛል። አንድ ቀን አደናቅፌያቸው አላውቅም።

ጌጡ ሳቀብኝ። “እትዬ አዛለች፣ መኪና እኮ ፋኖስ አይደለም!”

“ጉሙ ግን ያው የድሮው ነው” አልሁት።

“እንግዲያውስ ደብረ ብርሃን አብረሽን ሂጂና አንቺው ምረጪልን” አለ፤ ሊያሾፍብኝ። እኔም ነጠላዬን ለብሼ ጠዋት መኪናው በር ላይ ቆምሁ። መንገድ ላይ፣ አፋፉ መታጠፊያ ስንደርስ፣ እንደ ልማዴ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንሁ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ያንን ቦታ አይቼው አላውቅም።

መለዋወጫ ሱቁ ውስጥ ባለ ሱቁ ብዙ ዓይነት ደረደረልኝና “እናቴ፣ የትኛውን ልስጥዎት?” አለ።

“ጉም ውስጥ የሚያሳየውን።”

“ሁሉም ያሳያል።”

“እስቲ አሳየኝ።”

“ጉም ከየት ላምጣልዎት?” ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ያለው ቤት ሻይ ቤት ነው፤ ትልቅ ብረት ድስት ተጥዶ ይንተከተካል። ባለቤቷን፣ ኮከቤ ትባላለች፣ ለመንኋት፤ የጓዳዋን መስኮት ዘጋችና ክዳኑን አነሳችልን። እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው። ባለ ሱቁ የመኪና ባትሪና መብራቶቹን ይዞ መጣ። ከእንፋሎቱ ወዲያ አንድ ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጥሁና ኪዳነ ወልድን ከወዲህ በርጩማ ላይ እንደ ሾፌር አስቀመጥሁት። ሻይ ጠጪው ሁሉ በር ላይ ተሰብስቦ “ምን እየቀቀላችሁ ነው?” ይላል። ጌጡ “መብራት ነው! ሲበስል እንጠራችኋለን!” አላቸው።

መብራቱን ግንባሩ አጠገብ ሲይዙት ብርጭቆው የለም፤ ነጭ ግድግዳ ብቻ። መሬት ላይ ሲያስቀምጡት ብርጭቆው ታየ። ከዚያ ዓይነት በዓይነት ሞከርን። ክብ ሆኖ ሩቅ የሚወረውረው፣ እንዳንተ ያለው፣ መሬት ላይ ቢቀመጥም እንፋሎቱን ያነጣዋል። በልጦ የተገኘው መስታወቱ ቁልቁል የተሰነተረ፣ ብርሃኑን ወደ ላይ ሳይለቅ እንደ ምንጣፍ መሬት ላይ ወደ ጎን የሚዘረጋው ነው። ቀለሙ እንኳ ወንዶቹ እንዳሉት ያን ያህል ልዩነት አላመጣም። ኪዳነ ወልድ ቢጫው ዓይኔን አይወጋኝም ስላለ ቢጫውን ወሰድን። ጌጡ ሲወጣ “የድስት ምስክር ይዤ ዕቃ ስገዛ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው” አለ።

ከፊት መከላከያው ብረት ሥር ተገጠሙ። ማብሪያቸው ለብቻ ነው፤ ሽቦው ወፍራም ነው፤ የራሱ ፊውዝ አለው። ያንተዎቹን ኪዳነ ወልድ በችኮላ ከፊት መብራቱ ማብሪያ ጋር አገናኝቷቸው ሽቦው ሊነድ ነበርና እነሱም ለብቻቸው ተደረጉ። ግድግዳ ላይ በከሰል መስመር አስምረን ብርሃኑ ከመስመሩ በላይ እንዳይወጣ አስተካከልነው። ያንተዎቹን አላወረድናቸውም። ጉም በሌለበት ሌሊት ሜዳው ላይ እነሱን የሚያክል የለም። ጉም ሲመጣ የላዩ ይጠፋል፣ የታቹ ይበራል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ነሐሴ 18 ሌሊት ወዳጆ በሬን ደበደበው። ወሰንየለሽ ምጥ ከያዛት ውሎ አድሮ ኖሯል፤ አዋላጇም ከአቅሜ በላይ ነው አለች። አብሬያቸው እንድሄድ ሲለምነኝ አልሄድም ልል ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። ወሰንየለሽ ግን ከመኪናው ሆና አየችኝ፤ ልክ ጽናት ታየኝ እንደነበረው። ጋቢዬን ይዤ ከኪዳነ ወልድ ጎን ወጣሁ።

ጉሙ ያው የዚያን ሌሊቱ ነበር። ኪዳነ ወልድ የላዩን አጥፍቶ የታቹን አበራ። በእግር ከሚሄድ ሰው እኩል እንሄዳለን፤ ግን እንሄዳለን። እሱ ግራውን፣ እኔ ቀኙን እናያለን። ወሰንየለሽ ከኋላ “ኪዳነ ወልድ፣ ወይ ንዳ፣ ወይ ውረድና እኔ ልንዳ!” ትላለች። “አንቺ ምጥሽን አምጪ፣ መንጃ ፈቃድ የለሽም!” ይላታል። ወዳጆ በዚህ መካከል ስለቱን ከፍ ያደርጋል።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ፊቴን መሸፈን አልቻልሁም፤ መንገዱን የምጠብቀው እኔ ነኝና። ያ መብራት ከታች ስለሚመጣ ትንሹም ነገር ረጅም ጥላ ይጥላል። የመንገዱ ዳር ሣር ውስጥ አንድ ጥላ አየሁ። የወፍጮዬ መጅ ነው።

ታስታውሰዋለህ? ለሁለት ሲሰበር ጉማጁን የሰጠሁህ፣ ዳገት ላይ ስታቆም ከጎማው ሥር የምታስገባው። ያን ሌሊት ስታቆም አስገብተኸው፣ ሲነጋ በዚያ ጭንቀት ማን ያነሳዋል፣ የት እንደቆምንስ ማን ልብ ይላል? እዚያው ቀርቷል። በቀን በዚያ ያለፈ ሁሉ አላየውም፤ ማን ብሎ ሣር ውስጥ ድንጋይ ይፈልጋል?

ማቆሚያ ጊዜ አልነበረም። አለፍን። ሳይነጋ መሐል ሜዳ ሐኪም ቤት ደረስን። ወሰንየለሽ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ወዳጆ ልጅቷን ቶዮታ ካላልኋት ብሎ ነበር፤ እናቷ በተኛችበት ጫማ ወረወረችበት።

ስንመለስ ቀትር ነው፤ ጉሙም ተገፏል። አፋፉ ላይ “አቁም” አልሁት። ቸሩ፣ ያንን ቃል እዚያ ቦታ ላይ ስናገር ሁለተኛዬ ነው።

መጀመሪያ ያልሁት ላንተ ነው። አንተ “እማማ፣ ቀስ እያልን እንሂድ” ብለህ ነበር። “አቁም! እስኪነጋ አቁም!” ብዬ የጮህሁት እኔ ነኝ። አቆምህ። ሐሴት ጎህ ሲቀድ እዚያው መኪና ውስጥ በእጄ ላይ ተወለደች፤ የጽናት ደም ግን አልቆመም፤ ጉሙ እስኪገፈፍ ዘገየን። በልቅሶው ላይ ጌጡ “ሌላ ሾፌር ቢሆን ያልፈው ነበር” ሲል አንተም ሰማህ፣ እኔም ሰማሁ። እኔ ዝም አልሁ። አንተም ዝም አልህ። ዝም ያልኸው ለእኔ ብለህ እንደሆነ ያን ቀንም አውቅ ነበር። አርባዋ እንደወጣ ሄድህ። ሎጊያ ጉም እንደሌለ ጠይቄ ሰምቻለሁ፤ ለምን እዚያን እንደመረጥህ ለማንም አልተናገርሁም።

ወረድሁና ከመጁ እስከ ገደሉ ጫፍ በክንዴ ለካሁት። አንድ ክንድ ከስንዝር ነው። ኪዳነ ወልድም ለካው፤ ያው ሆነ። እዚያ ላይ መንገዱ ይታጠፋል፤ አንተ ግን ሳትታጠፍ ፊትህን ወደ ገደሉ አድርገህ ነበር የቆምኸው። አንድ ጊዜ ጎማው ቢዞር ጽናትም፣ እኔም፣ አንተም፣ ሆዷ ውስጥ ያለችውም የለንም። አውቄ አይደለም አቁም ያልሁት፤ ፈርቼ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ጫማዋን አድርጋ የተኛችው ልጅ በዚያ ድንጋይ ላይ ቆማ ነው የቀረችልን። ጽናትን አይመልስልኝም። ሌሊት ሌሊት አሁንም አለቅሳለሁ። ግን ከነሐሴ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል።

በማግሥቱ ጌጡን ጠርቼ “አቁም ያልሁት እኔ ነኝ” ብዬ ነገርሁት፤ የለካሁትንም ነገርሁት። ባርኔጣውን አወለቀ። “እትዬ፣ ይቅር በይኝ” አለ። “የበደልኸው እኔን አይደለም፤ እኔም ራሴ ገና ይቅርታ አልጠየቅሁትም” አልሁት። ይኸው ጠየቅሁህ። ልጄ፣ ስላንተ ዝም ስላልሁ ይቅር በለኝ።

ጌጡ ሁለተኛ መኪና ሊያመጣ ነው፤ “ሾፌሩን ታውቂዋለሽ” ብሎኛል። እኔ ግን በመኪና አላባብልህም። ሐሴት ላንድክሩዘሩ ባለፈ ቁጥር የላይኛውን “የአባዬ መብራት” ትለዋለች። ባለፈው እሑድ “አባዬ መብራቱን ልኮ እሱ ለምን ቀረ?” አለችኝ። አንተ መጥተህ ንገራት።

መጁን አጥቤ መደቡ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ያንተ ነው።

አባቴን በጉም ውስጥ የመራ አምላክ አንተንም ይምራህ፤ ፍሬንህን ይጠብቅልህ፤ ያገኘኸውን ይባርክልህ። ስትመጣ በቀን ና። ቢመሽብህም ግን አትደር፤ አሁን መንገዱ ይታያል።

እናትህ
አዛለች ሀብተ ማርያም