ኖሬበት ስለማላውቀው የቺያን ቤት

ቶሜ፣ ኤፕሪል 2013

ለክቡር ዶን ጎንሳሎ ቫልዴቤኒቶ
የ«ፑዌርቶ ሴሬኖ» የጡረታ ገንዘብ አስተዳዳሪ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ኮንሴፕሲዮን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ስለገባ ጉልበትዎን ከብርድ እንዲጠብቁልኝ አደራ እላለሁ። የኩባንያዎ አዲሱ ሕንጻ አሥራ አራት ፎቅ መድረሱን በጋዜጣ አይቼ በጣም ደስ ብሎኛል። እኔ ከምድር ቤቱ አልፌ ባላውቅም፣ እዚያ ተቀምጬ ያሳለፍኩት ጊዜ ግን እንደ ቤተሰብ ሊያስቆጥረኝ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ስሜ ፍሬሲያ ኢንሱንሳ ካርቴስ ይባላል፤ ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። ከ1970 እስከ 1980 ድረስ እዚሁ ቶሜ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ላይ ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የፋብሪካው አሥር ዓመት በድሮው የሠራተኞች ጡረታ ተቋም ተመዝግቦ ይገኛል፤ የወጥ ቤቱ ደግሞ በእናንተ ዘንድ ነው። የጠየቅሁት ነገር ቢኖር የድሮው ወደ እናንተ ተዛውሮ፣ ሁለቱ ተዳምረው፣ እኔም ጡረታ ወጥቼ ቤቴ እንድቀመጥ ነው። ባለቤቴ ኤሪበርቶ ከሁለት ዓመት በፊት ግማሽ አካሉ ሽባ ሆነ። እኔ ለአራት መቶ ተማሪ ምስር ስቀቅል እሱ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ በር በሩን ያያል። በወጥ ቤቱ ጡረታ ብቻ ልውጣ ብል መድኃኒቱን እንኳ አልችልም። ጉዳዬ ይኸው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ማመልከቻዬን ካስገባሁ እነሆ አሥራ ዘጠኝ ወር ሞላኝ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ያለኝን ምስጋና፣ ለመዝገብ ቤትዎ እንዲመች በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

1. በመጀመሪያ ስለ ተራ መጠበቂያው ወንበሮች አመሰግናለሁ። የግራ ጆሮዬ ስለማይሰማ ቁጥሬ ተጠርቶ አራት ጊዜ ያለፈኝ ሲሆን፣ በዚህም ምክንያት ከሌላው ደንበኛ ይልቅ ወንበሮቹን አብዝቼ ለመጠቀም በቅቻለሁ።

2. ሁለተኛ፣ የሕግ ክፍልዎን ትጋት አደንቃለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም ሰው ገልጦ ያላነበበውን የፍርድ ቤት ውሳኔ አንብበዋልና።

ክቡርነትዎ ያስታውሱ እንደሆነ አላውቅም፤ በአገራችን እስከ 2004 ድረስ ፍቺ የሚባል ነገር በሕግ አልነበረም። ትዳሩ የመረረው ሰው ያለው መውጫ አንድ ነበር፤ «ያጋባን ሹም የሰፈራችን ሹም አልነበረም፤ ስለዚህ ጋብቻው ከመጀመሪያውም የለም» ማለት። ለዚህም አንድ ጠበቃ፣ ሁለት ምስክርና ራቅ ባለ ሌላ ከተማ አንድ የውሸት አድራሻ ይበቃ ነበር። ጠበቃው ያውቃል፤ ምስክሩ ያውቃል፤ ዳኛውም ያውቃል፤ ሁሉም ቀና ብሎ ሳይተያይ ይፈርማል። ትላልቅ ሰዎችም የተለያዩት በዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ በክቡርነትዎ ቤተሰብም አንድ ሁለት አጎት አይጠፋም ብዬ በድፍረት እገምታለሁ።

እኔና የመጀመሪያ ባሌ ሬይናልዶ በ1972 እዚሁ ቶሜ ተጋብተን በ1985 ተለያየን። የጠበቃችን አክስት ቺያን ከተማ ውስጥ ቤት ስለነበራቸው አድራሻው ከዚያ ተገኘ። ስለሆነም በፍርድ ቤት ውሳኔ መሠረት፣ እኔ ሙሽራ ሳለሁ የምኖረው ቺያን ነበር። ቺያንን በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ፤ አንዴ ቋሊማ ልገዛ፣ አንዴ ደግሞ አውቶብሱ ተበላሽቶብን። ቋሊማው በጣም ጥሩ ነበር።

በተከታዩ ዓመት ኤሪበርቶን አገባሁ። ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤት አልሄድኩም።

3. የሕግ ክፍልዎ ታዲያ በቺያን የምትኖር ሴት ቶሜ ውስጥ ሽመና ልትሠራ እንደማትችል ደረሰበት። ስለዚህም በታላቅ ደግነት ሁለት ቅጽ አቅርቦ የፈለግሁትን እንድፈርም ፈቀደልኝ። «ቶሜ ኖሬአለሁ» ብዬ ከፈረምኩ አሥሩ ዓመት ይዛወርልኛል፤ ነገር ግን ያ ውሳኔ በሐሰት የተገኘ ስለሚሆን ኤሪበርቶ ከመዝገቤ ተሰርዞ ሬይናልዶ ባሌ ሆኖ ይገባል፤ እኔ ቀድሜ ብሞት ለኤሪበርቶ የሚደርሰውም ጡረታ አብሮ ይቀራል። «ቺያን ኖሬአለሁ» ብዬ ከፈረምኩ ደግሞ ኤሪበርቶ ባሌ እንደሆነ ይቀጥላል፤ አሥሩ ዓመት ግን፣ ደብዳቤው እንደሚለው፣ «ስሟ ከደንበኛችን ጋር የሚመሳሰል የሌላ ሴት» ይሆናል።

ይህን ያስረዳችኝ የመስኮት ቁጥር ሰባቷ ወይዘሪት ያስና ናት። ልጅቷ ደግ ናት፤ እንድሰማት ብላ ነው የጮኸችው። «ሴኞራ ፍሬሲያ! ባሌ የሚሉት የትኛውን ነው? የበፊቱን ነው የአሁኑን?» ስትል አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ሁለቱንም ትያዛ! እናንተን ምን አገባችሁ?» ብለው ተቆጡልኝ። ክቡር ሆይ፣ በአሥራ ዘጠኝ ወር ውስጥ በሕንጻዎ ያገኘሁት ብቸኛ የሕግ ምክር ይህ ነው።

4. አራተኛው ምስጋናዬ በመስታወቱ ለተከለለው ክፍል ነው። ፋብሪካ ውስጥ ማሽኑ ስለሚጮህ እኛ ሸማኔዎች የምንነጋገረው ከንፈር ለከንፈር እየተያየን ነበር፤ እኔ እስከ ዛሬ ከአዳራሽ ወዲያ ማዶ ያለ ሰው የሚለውን አነባለሁ። ባለፈው ኖቬምበር ወይዘሪት ያስና ፋይሌን ይዛ መስታወቱ ውስጥ ገባች፤ አለቃዋም ሻይ እየጠጡ፣ «ተያት። ሲሰለቻት ራሷ ትተወዋለች» አሏት። እርሳቸው መስታወቱ ድምፅ ያስቀራል ብለው ነው። ስለ ግልጽነታቸው ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ያን ዕለት አውቶብስ ውስጥ ሰው ፊት አለቀስኩ፤ ይህንንም አልደብቅዎትም።

5. ኩባንያዎ ፋብሪካ ውስጥ የሚያውቁኝን ሁለት ምስክሮች እንዳቀርብ ጠይቋል። ፋብሪካው ተዘግቷል፤ ወረቀቱንም ምድር ቤቱ የገባው ውኃ በልቶታል። አብረውኝ ከሠሩት ውስጥ ቶሜ የቀሩት ኖልፋና ዶን ኢስማኤል ብቻ ናቸው። እነሱም እንዳጋጣሚ፣ በ1985 ቺያን እንደምኖር ዳኛ ፊት የማሉልኝ ናቸው።

ዶን ኢስማኤል ከዚያ ወዲህ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። ኖልፋ ግን በሩን ከፍታ ዳቦና አቮካዶ አቀረበችልኝ፤ እንዲህም አለች፦ «አንቺ ሴትዮ፣ ያኔ ስዋሽልሽ ዳኛው አመስግኖ ነው የሸኘኝ። አሁን እውነቱን ልናገር ብዬ ብሄድ ነው ጉድ የሚፈላው! በስድሳ ስምንት ዓመቴ ብታሰር ማነው ስንቅ የሚያመላልስልኝ? አንቺ እንደሆንሽ ቀኑን ሙሉ ያ ወንበር ላይ ነሽ!» ዳቦዬን ጨርሼ ወጣሁ። ክቡርነትዎ መልስ ካገኙላት ይላኩላት።

6. ኩባንያዎ በራሱ ተነሳሽነት ለሬይናልዶ ስልክ ስለደወለለትም አመሰግናለሁ። «የባለቤትዎን የሴኞራ ፍሬሲያን ጉዳይ በተመለከተ ነው» ያለው ሠራተኛዎ፣ ሬይናልዶ ከአሁኗ ሚስቱ ከኤልሳ ጋር ምሳ ላይ እንደነበረ አላወቀም። ሬይናልዶ በማግስቱ መጥቶ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆመ። «ፍሬሲያ፣ በእናትሽ! እኔ ያኔ ለጠበቃው ብስክሌቴን ሰጥቼ ነው ከአንቺ የተገላገልኩት። ኤልሳ አሁን ልብሴን በረንዳ ላይ አውጥታዋለች። የትኛውን ወረቀት እንደምትፈርሚ እንጃ፤ ብቻ እኔን አታስገቢኝ!» አለኝ። ሰውየው እውነቱን ነው። በትዳራችን ዘመንም እንዲህ በአንድ ነገር ተስማምተን አናውቅም።

7. ሰባተኛው ቁጥር ምስጋና የለበትም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሁለቱን ቅጽ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግቼ ስመለከት ኤሪበርቶ ከወንበሩ አየኝ። አሁን ቃል የሚወጣው በግድ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አይናገርም። «ቶሜን ፈርሚ» አለኝ። «አሥር ዓመትሽን... ለምን ትሰጫቸዋለሽ? ባልሽ አይደለሁም ይበሉ። አንቺ እንደሆንሽ እኔን ማጠቡን... አትተዪ።» ከዚያ ሊስቅ ሞከረ፤ ግማሽ ፊቱ ብቻ እሺ አለው።

ምን ላድርግ፣ ክቡር ሆይ? ያንን ፋብሪካ በአሥራ ስምንት ዓመቴ ገብቼ በሃያ ስምንት ዓመቴ ነው የወጣሁት። ሌላ ወጣትነት አልነበረኝም። ኤሪበርቶ ግን እኔ ብቀድመው በእኔ ስም ከሚደርሰው ጡረታ በቀር የሚኖርበት ነገር የለውም። ጠበቃ ልያዝ ብል አቅሙ የለኝም፤ ልጠብቅ ብል የእሱ ጊዜ አይጠብቅም። ብዙ አሰብኩ፤ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ይህን ያህል አቅም ያጣሁበትን ቀን አላስታውስም።

ስለዚህ የቺያኑን ቅጽ ፈርሜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ስለ ቺያን በሐሰት ስፈርም በሕይወቴ ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ለመፋታት ነበር፤ ይኼኛው ላለመፋታት ነው። አሥሩ ዓመት ለዚያች ለማላውቃት ሴት ይሁንላት። ሰኞ ወደ ምስሬ እመለሳለሁ፤ ኤሪበርቶም ወደ በሩ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኩባንያዎ አሥራ አምስተኛ ፎቅ፣ ለሕግ ክፍልዎም ጥሩ የዓይን መነጽር እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ታማኝ ደንበኛ፣
በእርስዎ መዝገብ የቀድሞ የቺያን ነዋሪ፣
ፍሬሲያ ኢንሱንሳ ካርቴስ

ማስታወሻ፦ ለጡረታ ማመልከቻዬ የጤና ምርመራ ያደረጉልኝ የኩባንያዎ ሐኪም፣ የግራ ጆሮዬ የደነቆረው «ለአሥር ዓመት በሽመና ማሽን ጩኸት ምክንያት» መሆኑን በኩባንያዎ ማኅተም አረጋግጠው ወረቀቱን ሰጥተውኛል። ስሟ ከስሜ ጋር የሚመሳሰለው ያች ሴት አሥር ዓመቷን ልትወስድ ብቅ ያለች ዕለት፣ ጆሮዋ እኔ ዘንድ መቅረቱን እባክዎ ይንገሩልኝ። መጥታ ትውሰደው።