ሁለት ለእሷ፣ አንድ ለእኔ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣ ለእናቴ ልጅ፤

ልጄ መሞቱን የሰማሁት ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ነው፤ የልጄ አማት ግን በጠዋቱ ሰምታ ነበር። ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር ጠፍቶኝ አይደለም፤ ይህችን ሳላወጣት ሌላው ቃል አልመጣ ብሎኝ ነው። አሁን እንግዲህ እንደምን አለሽልኝ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ባልሽንስ ያ ሳል ለቀቀው? ልጆችሽስ ደኅና ናቸው? እኔ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ ከዚያ የበለጠ አትጠይቂኝ።

የሥራ መኪናቸው ስትገለበጥ የተደወለው ለሚስቱ ነው፤ እሷም ወደ እናቷ ሮጠች። እኔ በዚያ ሰዓት አንሶላ አሰጣ ነበር። በቅጥነቱ «ሽቦ» የሚሉት የሥራ ጓደኛው ቆቡን ጨብጦ ደጄ ላይ ሲቆም፣ አፉን ሳይከፍት ገባኝ። እኔው ወልጄው ሞቱን እንኳ ከአማቱ ኋላ ሰማሁ።

ቅናቴን ታውቂዋለሽ፤ እናታችን ያንቺን ፀጉር አስቀድማ ከሠራች ቀኑን ሙሉ የማኮርፍ ነበርኩ። ይህን የምጽፍልሽም በስልክ ልነግርሽ አፍሬ ነው።

ልጄ በየሰው ቤት የድምፅ መሣሪያ ይገጥም እንደነበር ታውቂያለሽ። አምና ለእኔም ገጠመልኝ። ከስፒከሮቹ ሌላ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የምታወጣ ሳጥን አለች፤ ሰብውፈር ይሏታል። እሱ ሰብውፈር ላምጣልሽ ሲለኝ፣ ጆሮዬ በስፌት መኪና ጩኸት የደከመ ነውና፣ «ሳብ፣ ውፈር» ያለኝ መሰለኝ። አንተ ራስህ ውፈር፣ አጥንትህ ገጦ የለም ወይ! ብዬ ብቆጣው እየሳቀ መሬት ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስሟ «ውፈር» ሆኖ ቀረ። መቼም ስትከፈት ጆሮዬ ያልሰማውን ደረቴ ይሰማዋል።

ታዲያ አንድ ቀን አማቱ ቤት ብሄድ፣ አንዷ ውፈር በዚህ፣ አንዷ በዚያ! ለእሷ ሁለት፣ ለእኔ አንድ። ሴትዮዋም አንዷ አትበቃችሁም ብሎን እኮ ነው እያለች ሳጥኖቹን ትወለውላለች። ልጄን ሳገኘው የሚስት እናት ትወፍራለች፣ የወለደች ትከሳለች አልኩት። ግንባሬን ሳመና ለአንቺ አንድ ይበቃሻል አለኝ። ይቺ «ይበቃሻል» ያለኝ ነገር ጉሮሮዬ ላይ እንደተሰነቀረች ሳለ እሱ ሄደ።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰው ምን ይለኛል ሳልል፣ ከሁለቱ አንዷን ስጪኝ አልኳት አማቱን። እሷ ደግሞ ምነው፣ ሁለቱንም አትወስጂም? አለችኝ። ብትከለክለኝ ይሻለኝ ነበር፤ ደግነቷ ይባስ አንገበገበኝ። አንዷን ወሰድኩ፤ ሽቦም መጥቶ ከእኔዋ ጋር ገጠማት። ተከፈተ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ብጠብቅ ብጠብቅ፣ ደረቴ ላይ ይመጣ የነበረው ድምፅ የለም።

ሽቦ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ሲያዞራት ቆየና ተወው። እማማ፣ አለኝ፣ ወፍራም ድምፅ በክፍል ውስጥ እንደ ውሃ ነው፤ አንዱ ጥግ ይተኛል፣ ሌላው ጥግ ይደርቃል። ሰው በየሶፋው በሚቀመጥበት ቤት ለሁሉም እንዲዳረስ ሁለት እናደርጋለን። እርስዎ ግን የሚቀመጡት አንድ ቦታ ነው፤ ቦታዋን በደንብ ለፈለገላት አንዷ ትበልጣለች፤ ሁለተኛዋ እንዲያውም የፊተኛዋን ድምፅ ታጠፋብዎታለች። እሱ ቦታዋን እንዴት አድርጎ ፈለገላት? ብሎ ጠየቀኝ።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ልጄ አምና ሳጥኗን አንሥቶ የእኔ ወንበር ላይ አስቀመጣትና ዘፈን ከፈተ። ከዚያ በጉልበቱና በእጁ፣ ጆሮውን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጎ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ዞረ፤ ከአልጋው ሥር ሳይቀር ገባ። የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው! አንተ፣ ዛሬ ደግሞ ዳዴ ማለት አማረህ? ስለው፣ ዝም በይ፣ አንቺን እየፈለግኩ ነው አለኝ። ድምፁ ጎልቶ የተሰማው ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገና፣ እሷ እዚህ ስትሆን አንቺ ወንበርሽ ላይ እንደዚሁ ጎልቶ ይሰማሻል ብሎ ሳጥኗን እዚያ አስቀመጣት።

ሽቦ ይህን ስነግረው ፊቱን አዞረ። አማቱ ቤት ሲገጠም እኔም ነበርኩ፣ ጉልበታችን መሬት አልነካም አለኝ። እህቴ፣ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ደስ አለኝ። ከሞተ ወዲህ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም የቅናት ደስታ ነው፣ ምን ልዋሽሽ።

በማግስቱ ሳጥኗን ለአማቱ መለስኩላት። ለምን መለስሻት ስትለኝ ክፍሌ ጠባብ ነው አልኳት። ዳዴ ማለቱን አልነገርኳትም። ወደፊትም አልነግራትም። እሷ ልጇ በሕይወት አለችላት፤ ይቺ የእኔ ናት።

ለባልሽ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ብርዱን ይጠንቀቅ። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ የላከችው ፎቶ ደርሶኛል። ጥርሱ የወለቀውን ትንሹንም ሁለት ጊዜ ሳሚልኝ።

ይህን ለቤተሰቡ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው። የምታነቡትም የምትሰሙትም፣ እባካችሁ ለልጄ ነፍስ ጸልዩለት። የቅናቴን ነገር ለእኔ ተዉት፤ ጸሎታችሁን ለእሱ ብቻ አድርጉት።

እህትሽ፣
ከቤቴ፣ ኅዳር 12 ቀን