ያስከፈትኩት ፋይል

ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ፍሪስኮ ያለው አዲሱ ሥራሽስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ሰባ ዘጠኝ ሞላኝ። ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ። ሀይዌይ ባልገባም መኪናዬን ነድቼ ቤተ ክርስቲያን እደርሳለሁ። ይቺን ደብዳቤም በመሠረተ ትምህርት ባገኘኋት ፊደል፣ ማንንም ሳላስቸግር፣ ሦስት ቀን ፈጅቼ ጻፍኳት። በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ደውዬ፣ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ሙቀቱ አውርቼ ዘጋሁ።

ልጄ፣ የሕዝቅያስን የሆስፒታል ፋይል ሀሴት የከፈተችው በራሷ አይደለም። ያስከፈትኳት እኔ ነኝ።

ሕዝቅያስ አንቺን ሊያገባ ሽማግሌ ከላከ በኋላ፣ ልጁ ከስቶ አየሁት፤ ኪኒን ሲውጥም አየሁ። ቤተ ክርስቲያን ከጋብቻ በፊት የምታዘው የደም ምርመራ አልበቃኝ አለ። ሀሴት እሱ የሚታከምበት ፎርት ዎርዝ ሆስፒታል ስለምትሠራ፣ ሄጄ «እስቲ እይልኝ» አልኳት። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ እኮ የከፈተውን ሰው ስም ይይዛል፤ ያባርሩኛል» አለችኝ። እኔ ግን «እናትሽ ስትሞት ማን አሳደገሽ? እዚህስ ማን አመጣሽ?» አልኳት። አለቀሰች። ከዚያ ከፈተችው። የጨጓራ ኪኒን ነው። ሌላ ምንም የለበትም።

ኮምፒውተሩ እንዳለችው ያዛት። ሆስፒታሉ ለሕዝቅያስ አስታወቀው፤ የከፈተችው የአክስትሽ ልጅ መሆኗን ሲያጣራ፣ አንቺ የላክሻት መሰለው። «ካላመነችኝ ምን አብሮ ያኖረናል» ብሎ ቀለበቱን መለሰ። ሀሴትን አባረሯት። አንቺ እቤቴ መጥተሽ «እባብ ነሽ» ስትያት፣ እኔ ሶፋው ላይ ሻይ እጠጣ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ ስሜን ግን አልጠራችም። ሻዬን ጨረስኩ። እናትሽ ብትኖር ያንን ብርጭቆ ከእጄ ትነጥቀኝ ነበር።

ደግሞ ሌላም አለ። የእኔን የሕክምና ፋይል ስልክሽ ላይ ታዪው ነበር፤ ከፋሲካ ወዲህ እንቢ ያለሽ ስልክሽ ተበላሽቶ አይደለም። ሐኪሙ የነገረኝን እንዳታዪ ብዬ፣ ክሊኒኩ ሄጄ ያዘጋሁት እኔ ነኝ። የራሴን ቆልፌ የሰው ልጅ ገበና አስከፈትኩ።

ጌታ ይባርክሽ፤ ያፈረስኩብሽን እሱ ይጠግንልሽ። ዕዳዬን ግን ለእሱ አልተውም፣ ራሴ እከፍላለሁ። ሰኞ ሆስፒታሉ ሄጄ የሀሴትን አለቃ «ያስገደድኳት እኔ ነኝ» እለዋለሁ። ከዚያ ሕዝቅያስ በር ላይ እቆማለሁ፤ ባይከፍትልኝም እቆማለሁ። ሀሴትን አንቺ ባለሽበት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ያንቺን ትናንት ጀምሬዋለሁ፦ ክሊኒኩ ሄጄ ፋይሌን መልሰው እንዲከፍቱልሽ ፈረምኩ። እህል ከቀመስሽ በኋላ፣ ተቀምጠሽ እይው። ነገሩን ለምን ከሰኞ እንዳላሳለፍኩት ያኔ ይገባሻል።

አባትሽ